የአያ ሞላ ሹካ

የአያ ሞላን ሞት የሰማሁት እጄ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ነው። የኬክ ቤታችን ባለቤት ወይዘሮ አዛለች ከደጅ ገቡና ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "አያ ሞላ አርፈዋል አሉ። ከትናንት ወዲያ እዚያው በሚኖሩበት ፀዳ ተቀብረዋል" አሉኝ። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ምነው ለኛ ሰው አልላኩም? ስንት ዘመን አብረን የኖርን ሰዎች!" ብለው ተቆጡ።  እኔ ሊጡን ማሸቴን አላቆምኩም።

ከምሠራበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ከዱቄት ጆንያዎቹ በላይ፣ በሚስማር የተንጠለጠለች አንዲት ሹካ አለች። አራት ጥርስ ነበራት፤ አንዱ ተሰብሮ ሦስት ቀርቷታል። የአያ ሞላ ናት። እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ቅቤ የነካው ነገር ሁሉ ወደ መጋገሪያ ከመግባቱ በፊት በእሷ ይወጋል። አዲስ የሚቀጠሩት ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ቀልድ እንደማላውቅ ሲያዩ ጾም አጥባቂ፣ መንፈሳዊ ሴት አድርገው ያስቡኛል። እኔም ዝም እላቸዋለሁ። ዝም ማለት እንደሆነ ከድሮም አውቅበታለሁ።

አያ ሞላ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኬክ የጋገሩ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ በኋላ ለጣሊያኖች ያበስሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጅ ወደቁና ከቅኔው ማርማላታው በለጠባቸው። ትምህርቱ ግን ከአፋቸው አልወጣም። ሰዓት አይመለከቱም። ብስኩቱን አስገብተው የመጋገሪያውን በር ሲዘጉ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ይጀምራሉ፤ የት ጋ ሲደርሱ ብስኩቱ ቀልቶ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። እኔ ከሆቴል ማሠልጠኛ ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ነገር ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን እሳቸው በዜማቸው፣ እኔ በስልኬ ደወል አንድ አንድ የመጋገሪያ ትሪ፣ እኛ ፓትራ የምንለውን፣ ይዘን ተወዳደርን። የኔው አረረ።

"አያ፣ ስልኬ ነው የተሳሳተው" አልኳቸው።

"ስልክሽስ አልተሳሳተም። ሽታው ሲጠራሽ ነው ያልሰማሽው። በይ ድገሚው።"

ቁጣቸው ይህችው ነበረች፤ "ድገሚው"። ስድብ የለ፣ ግልምጫ የለ። ሲወዱት ደግሞ አውራ ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረግ አድርገው "ሸጋ ነው" ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ምስጋና አያውቁም። ያቺን "ሸጋ" ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደደገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዲፕሎማዬን ግን አልረሳም። ልቤ ሁልጊዜ፣ እኚህ ሽማግሌ ባይኖሩ ይህን ወጥ ቤት የት ባደረስኩት፣ ይል ነበር።

ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቀኙም የሚያየው ከደጅ ያለውን እንጂ አፍንጫቸው ሥር ያለውን አልነበረም። ስለዚህ በአውራ ጣታቸው ነበር የሚያዩት። የሊጡን ልስላሴ፣ የፓትራውን ሙቀት፣ የዱቄቱን ዓይነት ሁሉ በጣት።

በጾም ወራት ጎንደር ውስጥ ኬክ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የጾም ነው?" ብሎ ነው። እኛ ቤት ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። "የአያ ሞላ ነው?" ነበር የሚሉት። አዎ ከተባሉ ሌላ ነገር አይጠይቁም፤ ካህን ይሁን ምእመን፣ ተማሪ ይሁን ዶክተር፣ ገዝቶ ይሄዳል። አያ ሞላ የጾሙን ዕቃ ከፍስኩ ዕቃ ጋር አያገናኙም። በጾም ደግሞ አይቀምሱም። ታዲያ ሁለት ዓይነት በሚጋገርበት ቀን እንዳይሳሳቱ ያበጇት ዘዴ ያቺ ሹካ ናት። ቅቤ የነካው ሁሉ መሐሉ ላይ ይወጋል፤ ሦስት ቀዳዳ። ያልተወጋው የጾም ነው። ጣታቸውን ሲያሳርፉበት ነገሩ ያልቃል። በእኔ ዕድሜ እንኳ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ቻይንኛ የምታስተምር ሊን የምትባል ሴት ወደ ኬክ ቤታችን መጣች። አማርኛዋ ትንሽ ነበር፤ የጎደለውን በእንግሊዝኛ ሞላንላት። የአገሯ አዲስ ዓመት በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ተማሪዎቿንና የአገሯን ልጆች በዋዜማው ሰብስባ ከእናቷ ጋር ትጋግረው የነበረውን ልታበላቸው ትፈልጋለች። በስልኳ ፎቶውን አሳየችን፤ ክብ፣ ወርቅ የመሰለ፣ ፊቱ ልስልስ ያለ፣ ውስጡ የአናናስ ማርማላታ የሞላበት ትንሽ ኬክ። አናናሱ ለቤቱ በረከት ያመጣል ብለው ያምናሉ አለችን። በተከራየችው ቤት መጋገሪያ የላትም።

አያ ሞላ ስልኩን ከቀኝ ዓይናቸው አርቀው ይዘው አዩት። "በይ ጠይቂያት፣ አሳማ የለበትም?" አሉኝ።

ጠየቅኋት። ሳቀች። "ቅቤ ብቻ" አለች በአማርኛ።

"ቅቤውም ቢሆን በዘወረደ ሰኞ ነው የሚጋገረው" አልኩ እኔ። የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ነበር የሚውለው።

"ለኛ ጾም ነው፤ ለሷ ዓመት በዓሏ ነው። የሰው አገር ሰው በበዓሏ ቀን ምነው ታዝን?" አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቅዳሜ አናናስ ፍለጋ ገበያ ወጣን። ከሩቅ ተጭኖ የመጣ፣ የደከመ አናናስ ነው፤ አያ ሞላ ግን እያንዳንዱን ገልብጠው ቂጡን እያሸተቱ ስምንት መረጡ። ሊን ከሰዓት በኋላ መጣችና እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ፈቀፈቅነው፣ ከስኳር፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ጣድነው። ሁለቱ ተራ በተራ ሲያማስሉት ዋሉ። ቋንቋ የላቸውም፤ እሷ በአየር ላይ ክብ ትሠራለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማርማላታው ጠቁሮ ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር እናቷ ትዝ አለቻት መሰለኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያ ሞላ ማማሰያውን ተቀብለዋት፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ደርሷል" አሏት። ገና ቅበላ ስለነበር በማንኪያ ጫፍ ቀመሱት።

"ሸጋ ነው!" አሉ። እሷም "ሸጋ፣ ሸጋ" እያለች ቃሏን ይዛ ቀረች።

ከዚያ ድስቱን እያዩ ትንሽ አሰቡና፣ "አንቺ ሰናይት፣ ውስጡ እኮ ጾመኛ ነው። ቅቤው ያለው ልብሱ ላይ ነው። ለኛ ሰዎች ልብሱን በዘይት ብንሰፋለትስ?" አሉኝ። እንደዚያ ቀን ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም። በየዓመቱ በዘወረደ ሰኞ፣ ቅዳሴው በዘጠኝ ሰዓት ሲወጣ፣ ለደብራቸው ካህናት አንድ ካርቶን የጾም ብስኩት ይወስዱ ነበር፤ ያን ዓመት ይህን አዲስ ነገር ሊወስዱላቸው ነው። ሊን ስትሄድ በመቀስ የተቆረጠ የአበባ ቅርጽ ያለው ቀይ ወረቀት ሰጠቻቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

ሰኞ ሁለቱንም ሠራን። ሃምሳ በቅቤ፣ አርባ በዘይት። በቅቤው ላይ እኔ እንቁላል ቀባሁ፤ በዘይቱ ላይ እሳቸው በስኳር ያወፈሩትን ጥቁር ሻይ ቀቡበት፤ እሱም ሲጋገር እንደ እንቁላሉ ያበራል። መንታ መሰሉ።

"የቅቤዎቹን ወግተሽ አስገቢ። እንዳትረሺ" አሉኝ።

"እሺ አያ።"

ሹካዋን አነሳሁ። ከዚያ የሊን ፎቶ ትዝ አለኝ። የዚያ ኬክ ፊት ቀዳዳ የለውም። ሦስት ቀዳዳ ያለው ኬክ ሰጥቻት፣ የጎንደር ኬክ ቤት ይህን ያህል ነው ስትል ታየኝ። ደግሞ እኔ ዓይኔ የሚያይ ሰው አይደለሁ፤ የትኛው ፓትራ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ሹካዋን መልሼ አስቀመጥኩ። ለአያ ሞላ ሳልነግራቸው ቀረሁ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ "ምን ቸገረሽ፣ ውጊው" እንዳይሉኝ ፈርቼ ቆይቼ ልነግራቸው ነበር።

ተጋግረው ከወጡ በኋላ ካርቶን ላመጣ ወደ ዕቃ ቤት ሄጄ ስመለስ አያ ሞላ የሉም። ሽርጣቸው ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ፓትራዎች አየሁ። ከዘይቱ ፓትራ አንድም አልተነሳም። ከቅቤው ፓትራ ሃያ ጎድሏል። ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ አፍንጫቸው ስላልለየላቸው ጣታቸውን አሳርፈው፣ ልስልስ ሆኖ አግኝተው፣ ሃያውን ቆጥረው አሽገው ሄደዋል።

እዚህ ላይ ነው እያንዳንዱን ነገር ሳላሳምር መናገር ያለብኝ። ደብራቸው ሩቅ አይደለም። በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቅዳሴው ገና አልወጣም ነበር። ባጃጆቹ ደጃችን ተደርድረው ቆመዋል። እኔ ግን እንዲህ አሰብኩ፦ ቅቤውን ማን ይለየዋል? ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው አናናሱ ነው የሚሰማው። ደግሞ ሊን የላከችው መኪና እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ከዘይቱ ፓትራ ሃያ አንስቼ ከቀሪው ሠላሳ ጋር ቀላቀልኩላትና ካርቶኑን በሪባን አስሬ ሰጠሁ። ሪባኑን ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንዳሰርኩት ትዝ ይለኛል፤ እንዲያምር።

በማግሥቱ ጠዋት የደብሩ መሪጌታ ካርቶኑን ይዘው መጡ። ከአያ ሞላ ጋር በአንድ ጉባኤ ቤት የተማሩ ሰው ናቸው።

"ሞላ፣ ምነው እንዲህ አደረግኸን?" አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ቆርሼ አፌ ሳደርሰው አወቅሁት። ሁለቱ አባቶች ግን ያንተ እጅ ነው ብለው በልተው ጨርሰው ነበር። በዘወረደ! አንዱ ሌሊቱን ሲያለቅሱ ነው ያደሩት።"

ወይዘሮ አዛለች ከገንዘብ መቀበያው ተነስተው መጡ። ካርቶኑ ውስጥ የቀረው እየተቆረሰ የተፈተሸ ፍርፋሪ ነበር። አያ ሞላ እጃቸውን ከተቱበት። ጣታቸው ፍርፋሪውን ሲፈልግ ቆየና የአንዱን ኬክ መሐል አገኘ፤ ቁራሽ ነው፣ ግን መሐሉ ሙሉ ነው፣ ቀዳዳ የለበትም። አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። አንድ ጊዜ፣ ደግመው አንድ ጊዜ።

"ሰናይት፣ የቅቤዎቹን ወግተሻቸው ነበር?"

ወይዘሮ አዛለች አዩኝ። መሪጌታው አዩኝ። አያ ሞላ ግን አላዩኝም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ነበር።

"አዎ፣ አያ" አልኩ።

 "ድገሚው" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ቢሉኝ ኖሮ እውነቱ የሚወጣኝ ይመስለኛል፤ ወይም እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አያ ሞላ ያችን ቁራሽ ቀስ ብለው በሽርጣቸው ኪስ ከተቷት። ውሸቴን የሚያጋልጥ ሌላ ነገር በዚያ ቤት አልነበረም። የቀሩት የቅቤ ኬኮች ማራኪ ተበልተው አልቀዋል።

"እንግዲያው ጣቴ ነው" አሉ። "ጣቴ ነው የከዳኝ። ይቅር በሉኝ፣ መሪጌታ።" ጎንበስ ብለው የመሪጌታውን ጉልበት ሊነኩ ሲሉ ሰውየው ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው።

ወሬው ፒያሳን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ደንበኞቻችን "የአያ ሞላ ነው?" ማለታቸውን ትተው እንደ ሌላው ቤት "የጾም ነው? እርግጠኛ ናችሁ?" ማለት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ብስኩቱን ይዘው ደጅ ድረስ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው፣ "የጋገረው ማን ነው?" ይሉኛል። "እኔ ነኝ" ስላቸው ፊታቸው ይፈታል። የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተዋቸው አያ ሞላ በእርጅና በደከመ ጉልበታቸው ሲሰግዱ እንደሰነበቱ ከወይዘሮ አዛለች ሰማሁ። ጠዋት ሲገቡ እያነከሱ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ዜማቸው ጠፋ። ብስኩት ያርርባቸው ጀመር።

ሊንም በዚያው ሰሞን ልታመሰግን መጥታ ነበር። ግማሾቹ ለስላሳ፣ ግማሾቹ ደረቅ ነበሩ፤ ተማሪዎቿ ደረቆቹን የበለጠ ወደዷቸው አለችን። አያ ሞላ አጠገቤ ቆመው ነበር። የሆነውን ከዚያ በፊት ባያውቁት እንኳ በዚያች ደቂቃ አውቀውታል። ለእሷ ግን ፈገግ ብለው፣ "ሸጋ" አሏት።

የጾሙ እኩሌታ ደብረ ዘይት ሳይደርስ ወይዘሮ አዛለች "ትንሽ ይረፉ" አሏቸው። የመጨረሻ ቀን ሽርጣቸውን አጣጥፈው በፌስታል ያዙ፤ ቀዩን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ሳይቀደድ በጥንቃቄ አነሱት። ሹካዋን ግን ከሚስማሯ አልነኳትም።

"ይችስ አያ?" አልኳቸው።

"ላንቺ ትቅር" አሉ። ከዚያ በር ላይ ደርሰው ዞር ሳይሉ፣ "ምልክቱን እንዳትረሺ" አሉኝ።

የእሳቸው ቦታ ለእኔ ተሰጠኝ። ደመወዜም ስሜም አደገ። ልጃቸው ዘንድ የገቡባት ፀዳ ሩቅ አገር አይደለችም፤ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። በዓል ሲመጣ ዳቦ እጋግርና ነገ እወስድላቸዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲደርስ ሥራ ይበዛብኛል። ባይበዛም እንዲበዛ አደርገዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አዘዞ ስሄድ ከባጃጅ ውስጥ አየኋቸው። መንገድ ዳር ከአንዲት ሴት ፊት ቁጢጥ ብለው ሽንኩርት በጣታቸው እየዳበሱ ይመርጣሉ። ሹፌሩ መንገደኛ ሊያወርድ ፍጥነቱን ሲቀንስ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ፊታቸውን ወደ ሽንኩርቱ ስለደፉ ሊያዩኝ እንደማይችሉ እያወቅሁ።

የአርባቸው ቀን በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። በዋዜማው አናናስ ገዛሁ፤ ቂጡን እያሸተትኩ። ብቻዬን አማሰልኩ፤ ሊጡን በዘይት ለወስኩ፤ በጥቁር ሻይ ቀባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኬን ትቼ በሽታው ጋገርኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ብጠየቅ፣ ለቀስተኛ ባዶ እጁን አይሄድም ብዬ እመልስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ኬኩ ስለ እኔ እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነው።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ልጃቸው ጥሩወርቅ አቅፋ ሳመችኝ። "መጣሽ? አባቴ ስላንቺ ሲያነሳ ምን ይል ነበር መሰለሽ፤ የሰናይት እጅ ከኔ እጅ በልጧል ይል ነበር" አለችኝ። ወደ ቤት ይዛኝ ገባች፤ ከአልጋቸው በላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ፣ የሊን ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ኬኮቹን በትልቅ ሳህን ደርድራ፣ "አንቺ ራስሽ ለአባቶች አቅርቢላቸው" ብላ ሰጠችኝ።

ሳህኑን ይዤ ወደ ካህናቱ ሄድኩ። ከፊት የተቀመጡት እኚያው መሪጌታ ነበሩ፤ አርጅተዋል። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን አነሱ፤ አፋቸው ሳያደርሱት ትንሽ ያዙት። ከዚያ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ "ወንድማችን ሞላ ደግ ሰው ነበር። በስተርጅና ዓይኑም ጣቱም ከዳው እንጂ ጾም ያፈረሰ ሰው አልነበረም። ያችን የዘወረደን ሰኞ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ ነፍሱንም ይማር" አሉ።

"አሜን" አለ ድንኳኑ በሙሉ። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፍታ "አሜን" አለች። የእኔም አፍ ተከፍቶ ነበር፤ "አ" ብዬ ጀምሬ ነበር።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። "የቅቤዎቹን ያልወጋኋቸው እኔ ነኝ። ወግቻለሁ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው ያን ጊዜውኑ አውቀዋል። ይቅርታ ካስፈለገ ለእኔ ነው የሚያስፈልገው።"

መሪጌታው ኬኩን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት።  ሳህኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ጥሩወርቅ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣች፤ የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፣ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። ሳህኑን ከእጄ አልተቀበለችኝም። ፊቴን ብቻ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ምነው" አለችኝ፣ "አባቴ በቁሙ ሳለ ብትናገሪው?"